ሲሞት የሚናገርና ዝም ብሎ የሚሞት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰው ሞተር ሳይክል አልነካም ብዬ ምዬ ነበር። መሐላዬን ያስፈረሰኝ የጎረቤቴ የወንጌላዊው ፌስታል ነው። ባለፈው ሰሞን በሬን አንኳኩቶ ገባና ሰላምታውን ሳይጨርስ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ፒስተን፣ የፒስተን ፋሻ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ኩሽኔታ። ሰውየው በሞተሩ እስከ ምዕራብ ዓባያ እየተመላለሰ የሚያስተምር ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነበትም ነበር። ረጅም ጉዞ ስላሰበ ብቻ «ለጥንቃቄ» ብሎ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ወዳለ ጋራዥ ወሰደው፤ ልጆቹም ለጥንቃቄ ብለው ሆዱን ሙሉ አውጥተው በአዲስ ተኩለት።

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁ። ፒስተኑ ላይ የፋብሪካው የማሽን ጭረት እንኳ ገና አልጠፋም። ኩሽኔታው በጣቴ ሳዞረው ድምፅ የለውም።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ ውስጥ በእውነት መቀየር የነበረበት የቱ ነው?» አለኝ።

«አንዱም።»

«ታዲያ አሁን ለምን ከበፊቱ የባሰ ይንጫጫል?»

ምን ልበለው? ጤነኛ ሰው ተኝቶ ሆዱን ብትከፍትለት፣ ሲነሳ አመሰግናለሁ አይልህም። ተናደድኩ። የተናደድኩት በጋራዡ ልጆች ብቻ አይደለም። ይህን በሽታ እኔ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ ያውም በሰልፍ፣ በመፈክርና በጭብጨባ። ዕድሜ ልኬን ስነግር የኖርኩትን ነገር አሁንም የሚሰማኝ ስላጣሁ፣ እንግዲህ በወረቀት ላይ ላስቀምጠው።

የተወለድኩት ጨንቻ ነው። ጋሞኛ የቤቴ፣ አማርኛ የትምህርት ቤቴ ቋንቋ ነው። ሴትና ወንዱን እስካሁን አንዳንዴ አደባልቃለሁ። በወጣትነቴ «ፒስተኗ ሞተ» ባልኩ ቁጥር የዕቃ ግምጃ ቤታችን ኃላፊ «ለቅሶው የት ነው?» እያለ ሰው ያስቅብኝ ነበር። ሲቀላ ላይ ብስክሌት ስጠግን ቆይቼ፣ በደርግ ጊዜ መጀመሪያ ላይ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጠርኩ። ስሙን አልጠራም፤ የሞቱትም ያሉትም ቤተሰብ አላቸው። ሥራችን የእርሻና የከብት ሕክምና ሠራተኞች ገጠር ለገጠር የሚነዷቸውን ሞተሮች መጠገን ነበር። ቢሮው ላይ ሴቻ፣ ጋራዡ ታች ሲቀላ። ኃላፊዎቻችን ላይ ሆነው ነፋስ እየተቀበሉ ያቅዳሉ፤ እኛ ታች በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እየተቀቀልን ዕቅዱን እናስፈጽማለን። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ቢሆንም የመንግሥት ሥራ ነውና እናቴ ለመንደሩ ሁሉ አወራችው።

ሞተሮቹ አንድ ዓይነት ነበሩ። ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚጠጡ፣ ጭሳቸው ሰማያዊ፣ ድምፃቸው የንብ መንጋ። የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ፒስተን ለብቻው የሚቀመጥለት ዘይት የለውም፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚገባለት ዘይት ብቻ ነው። ቤንዚን ካነሰው ዘይትም አነሰው ማለት ነው። ይህን አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

አንድ ዓይነት ሆነው የመጡት ሞተሮች ግን ሞታቸው አንድ ዓይነት አልነበረም። ጫኖ የተመደበው በሙዝ ማሳው መካከል ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲውጥ ይውላል። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ካልታጠበ አቧራው ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ጨንቻ የተመደበው ደግሞ ዳገትና ጭቃ ነው ጠላቱ። ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ካቴና የምንለው የኋላ ጎማው ሰንሰለት ይላላል፣ ፍሬኑ ያልቃል፤ ፒስተኑ ግን በዚያ ብርድና ንጹህ አየር ውስጥ እንደ ሙሽራ ተጠብቆ ይኖራል። ይህን ለማወቅ ጥበብ አያስፈልግም። መፍቻ ከማንሳት በፊት «ይሄ ሞተር የት ነው የሚሄደው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ስንት ዘመን ሆነኝ፣ የሚጠይቅ ግን አላገኘሁም።

ይጠይቁ የነበሩት አለቃዬ ጋሽ አስፋው ብቻ ናቸው። ድሬዳዋ፣ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ኪሳቸው ከረሜላ የማያጣ ሰው ነበሩ። ሞተር ተገፍቶ ሲመጣ አያዩትም፤ የሚያዩት ነጂውን ነው። ሳጥን ላይ ያስቀምጡትና ከረሜላ ሰጥተው «በል አጫውተኝ» ይሉታል። የት ሄድክ? ማንን ጫንክ? ጠዋት ቶሎ ይነሳል ወይስ ያስለምንሃል? ዳገት ላይ ምን ይላል? ቁልቁለት ላይስ? ነጂው መዋሸት ሲጀምር ሁለተኛ ከረሜላ ይጨምሩለታል። «አፉ ሲጣፍጥ እውነቱ ይወጣል» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ሞተሩን ያስነሱና የዱላቸውን አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ሥር ደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያ ዱላ የኩሽኔታን ማጉረምረም ከፒስተን መንኳኳት ይለያሉ። መክፈት ግድ ከሆነ እንኳ ውጭው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨርቅ ተወልውሎ ካልሆነ መፍቻ አያስነኩንም። «በጭቃ እጅህ ዓይንህን ታሻለህ?» ይላሉ። በጥድፊያ ሲከፈት የሚገባው አሸዋ ከአሮጌ ፒስተን የበለጠ እንደሚገድል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ግድግዳው ላይ የሞቱ ዕቃዎችን በሽቦ አንጠልጥለው ነበር። አንዱን ያወርዱና አፍንጫዬ ሥር ይዘው ይጠይቁኛል።

«ዘለቀ፣ ይሄ ሲሞት ይናገራል ወይስ ዝም ብሎ ይሞታል?»

ሙያው በሙሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ፒስተኑን የሚያቅፈው ፋሻ ሲያልቅ ይናገራል፤ ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ፍሪሲዮን ይናገራል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም። ኩሽኔታ ያጉረመርማል። የሚናገር ዕቃ እስኪናገር ይጠበቃል እንጂ በፍርሃት አይቀየርም። ዝም ብሎ የሚሞት ግን አለ። የፒስተኑን ፒን ዳርና ዳር የምትይዝ ከጉትቻ የማትበልጥ የሽቦ ቀለበት አለች። አንዴ ከወጣች ጉልበቷ ላልቷል፤ መልሰህ ብታስገባት አንድ ቀን ምንም ሳትል ተፈናጥራ ሲሊንደሩን እንደ ማረሻ ታርሰዋለች። እሷ በወጣች ቁጥር አዲስ ትገባለች፤ ክርክር የለም።

«ሲሞት ብቻውን ይሞታል ወይስ ሌላ ይዞ?» ሁለተኛው ጥያቄያቸው ይህ ነበር። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ብቻውን ይሞታል፤ ነጂው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይቀይረዋል። ካቴና ግን ተበጥሶ ጎማ ውስጥ ቢገባ ሰው ይዞ ይሞታል።

ጋሽ አስፋው አንድ ሃይማኖት ነበራቸው፤ ደህና ሞተር አይከፈትም። ትክክል ነበሩ። በጣም ትክክል ከመሆናቸው የተነሳ፣ ትክክል ያልሆኑባት አንዲት ቦታ አልታየቻቸውም።

እንግዲህ ዘመቻው መጣ። የትራንስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ጥላሁን ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ጫማው ሁሌ የሚያብረቀርቅ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። የዕቅድ ፍቅር የያዘው ሰው ነበር፤ ይህ ደግሞ ከክፋት የበለጠ ያደክማል። አንድ ቀን ሰብስቦን «የመከላከያ ጥገና ዘመቻ» መታወጁን ነገረን። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የሰማው «መከላከያ» የሚለውን ብቻ ስለነበር፣ ዕቃዎቹ ለጦር ሠራዊቱ ሊወሰዱ ነው ብሎ ቆልፎ ጠፋ፤ ግማሽ ቀን ስንፈልገው ዋልን።

«ጓዶች!» አለ ጓድ ጥላሁን። «ዕቃ እስኪሰበር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አስተሳሰብ የአድኃሪው ሥርዓት ርዝራዥ ነው። ከአብዮት በዓል በፊት ሁሉም ሞተር ተከፍቶ ፒስተንና ፋሻው ይቀየራል።»

ተጨበጨበ። ጋሽ አስፋው እጃቸውን አወጡ።

«የጫኖውም የጨንቻውም እኩል?»

«እኩል ነው። አድልዎ የለም።»

«ለሞተሮቹ ተነግሯቸዋል ወይ፣ እኩል መሆናቸው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው በሳል ደበቀው። ጓድ ጥላሁን ፊቱ ጠቆረ። «ጓድ አስፋው፣ ዕቅድ ማደናቀፍ ስሙ ምን እንደሚባል ያውቃሉ?»

ሁላችንም እናውቅ ነበር። አሻጥር ይባላል። በዚያን ጊዜ ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው ቤቱ ሳያድር ሊቀር ይችል ነበር። ጋሽ አስፋው ከረሜላቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩና ተቀመጡ።

ዕቃው በሳጥን መጣ። ፒስተን አለ፣ ፋሻ አለ። እነዚያ የሽቦ ቀለበቶች ግን የሉም! የሚያስፈልገውን ትተው የማያስፈልገውን ላኩልን። አሮጌዎቹን መልሱ ተባልን። ጋሽ አስፋው አንገቴ ይቆረጣል አሉ፤ በአውቶቡስ ወላይታ ሶዶ ድረስ ሄደው፣ ሱቅ ለሱቅ ዞረው ቀለበቶቹን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ደህናዎቹን ሞተሮች መክፈት ጀመርን። የጨንቻዎቹን ፒስተኖች እያወጣሁ ጣልኩ፤ ከሚገቡት የሚያንሱ አልነበሩም። ለሥሌቱ ግን «የተቀየረ» ይባላሉ፤ ቢሮው የሚፈልገው ይህን ቃል ነው።

በዚህ መካከል ሰናይት መጣች። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣች፣ በጋራዡ የመጀመሪያዋ ሴት። ወንዶቹ መፍቻ አያያዟን ለማየት ሥራ ፈትተው ይቆሙ ነበር። እሷ ግን የቆሙትን «ከቆማችሁ አይቀር ያንን ያዙልኝ» እያለች ታሠራቸው ጀመር። አንድ ቀን የተከፈተ ሞተር ላይ አጎንብሳ ሳለ ጋሽ አስፋውን ጠራቻቸው።

«ጋሽ አስፋው፣ ከተከፈተ አይቀር ፓራኦሊዮዎቹንስ አብረን ብንቀይራቸው?»

ፓራኦሊዮ የምንለው ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ ዳርና ዳሩን የሚያሽግ የጎማ ቀለበት ነው። ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

«ፈሷል?»

«አልፈሰሰም።»

«ታዲያ ምን ሆነ ብለሽ ነው?»

«ጎማ እኮ ባይሠራም ያረጃል። በዚህ በአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ…»

ጋሽ አስፋው በዘመቻው ምክንያት ለሳምንታት የታፈነ ቁጣ ነበረባቸው። ሁሉም እሷ ላይ ወረደ። «አንቺም ቀይር ልትይኝ ነው? ፒስተን ቀይር፣ ፋሻ ቀይር፣ አሁን ደግሞ ጎማ ቀይር! ደህና ነገር አይነካም አልኩ!»

ሰናይት አልተቆጣችም። «ይሄ ሲሞት ይናገራል ወይ፣ ጋሽ አስፋው?» አለቻቸው።

የራሳቸውን ጥያቄ ነው የመለሰችላቸው። ጋሽ አስፋው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ይናገራል። ዘይት ያፈሳል» አሉና ሄዱ።

በፍሪሲዮኑ በኩል ላለው ቀለበት እውነት ነው፤ እዚያ የማርሹ ዘይት ስላለ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ ነጭ ጭስ ይተፋል። የካንዴላውን እሳት በሚያመነጨው ማግኔት በኩል ያለው ግን ደረቅ ቦታ ነው የተቀመጠው። እሱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ የሚፈስ ነገር የለም። ሞተሩ በስንጥቁ ቀስ አድርጎ አየር ይሰርቃል። አየር ሲበዛበት ቤንዚኑ ይቀጥናል፤ ቤንዚኑ ሲቀጥን ዘይቱም ይቀጥናል። ይህን ዛሬ እንደ ውዳሴ ማርያም እወጣዋለሁ፤ ያኔ ግን በጋራዡ ከሰናይት በቀር ያየው ሰው አልነበረም።

ማርቆስ የከብት ሐኪም ረዳት ነበር። ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኖ ጨንቻና ዙሪያውን የሚያዳርስ፣ መንገድ ላይ ከብት የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ሞተሩን የሚያቆም ሰው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ በየቤቱ ተሰብስበው በሚጸልዩበት በዚያ ጊዜ እንኳ፣ ሞተር ላይ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዘምር ነበር። እናቱ ጨንቻ ነበረች፤ በሄደ ቁጥር ቆጮና ዳጣ ቋጥራለት ይመለሳል፤ ለጋራዡም ይተርፈን ነበር።

ከዘመቻው ጥቂት ወራት በኋላ ከዶርዜ በታች ባለው ቁልቁለት ወደ ከተማ እየወረደ ነው። ቁልቁለት ስለሆነ ቤንዚኑን ዘግቶታል። ፒስተኑ እየጋለ ሄዶ አንድ ጠምዛዛ ላይ ሲሊንደሩን ነከሰ፤ የኋላው ጎማ ባለበት ቀጥ አለ። ሞተሩም ማርቆስም ከመንገዱ ወጥተው ገደሉ ውስጥ ገቡ። የዶርዜ ሰዎች ከሽመና ጉድጓዳቸው ተነስተው ሮጡ፤ ቀርከሃ ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩና እየተፈራረቁ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሸከሙት። ሆስፒታል ስንደርስ ሲያየኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ክትባቱ ነው። «በረዶው ሳይቀልጥ አንሡት» አለኝ፤ ጉልበቱ ተፈርክሶ።

ከዚያ ያወራኝን አልረሳም። ሞተሩ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ቤንዚን ሳይሰጠው፣ በራሱ ይጮህ ነበር፤ የሚያስጮኸው የሰረቀው አየር ነው። እሱ ደግሞ ቆሞ ሲጠብቅ ዙሩን የምትወስነውን የሚኒሞ ቡሎን በካቻቢቴ ዝቅ አድርጎ ዝም አሰኘው። እንደገና ሲጮህ እንደገና ዝም አሰኘው። ወደ ጋራዥ ለምን አላመጣኸውም ስለው «ፒስተኑ እኮ አዲስ ነው ብላችሁኛል» አለኝ። ዘመቻው ደህናውን ዕቃ መቀየሩ ብቻ አይደለም ጥፋቱ፤ ሰው የሞተሩን ለቅሶ እንዳያምን አደረገው።

ጓድ ጥላሁን አጣሪ ይዞ ጋራዥ መጣ። ከመጡት ሰዎች አንዱ ምንም አይናገርም ነበር፤ ስለዚህ ሁላችንም የፈራነው እሱን ነው። የተሰባበረው ሞተር ግቢው መካከል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

«ጓድ አስፋው ዘመቻውን በአፋቸው መቃወማቸው ይታወቃል» አለ ጓድ ጥላሁን። «በእጃቸውም እንደተቃወሙ አሁን እናያለን። ፒስተኑ አለመቀየሩን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ክፈቱት!»

እኔ ሲሊንደሩን፣ ሰናይት የማግኔቱን ጎን ያዝን። ሲሊንደሩን መትቼ መትቼ አወጣሁት። ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ቀልጦ ተላጥፏል። አናቱን በጨርቅ ወለወልኩት፤ የዘመቻው ፒስተን ነው፣ አዲሱ! ሳጥኑ ውስጥ የመጣው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ጓድ ጥላሁን አጎንብሶ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። አሁን የሚጠየቀው እሱ ሊሆን ነው፤ ዘመቻው የእሱ፣ ፒስተኑ የእሱ።

እኔ በውስጤ «ተመስገን» አልኩ። ጋሽ አስፋው አንድ ነገር ብቻ ቢናገሩ ነጻ ነበሩ። «አዲስ ፒስተን አትክተቱ ብዬ ነበር» ቢሉ ይበቃ ነበር፤ ውሸት አይደለማ!

እሳቸው ግን ፒስተኑን አላዩትም። የሚያዩት የሰናይትን እጅ ነው። ሰናይት ማግኔቱን አውጥታ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለበት ነቅላ፣ መዳፏ ውስጥ ጨብጣዋለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«ሰናይት» አሉ ጋሽ አስፋው፣ «እጅሽን ክፈቺ።»

«ምንም የለም፣ ጋሽ አስፋው።»

«ክፈቺ ልጄ።»

ከፈተች። ቀለበቱን አንስተው በሁለት ጣታቸው ጫን ሲሉት እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰበረ። ለዝምተኛው ሰው አቀበሉት።

«ሰውየውን የጣለችው ይህች ናት። በዚህ በኩል አየር እየገባ ሞተሩን አደረቀው። ይህች ልጅ ይቀየር ብላኝ ነበር፤ ዕቃውም ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዝምተኛው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ሆን ብለው ነው?»

«በእልህ ነው» አሉ ጋሽ አስፋው። «እልህ ሆን ብሎ ይባል አይባል እናንተ ፍረዱ።»

ሰውየው የተሰበረውን ጎማ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ጓድ ጥላሁንን አየው፣ ከዚያ የቀለጠውን አዲሱን ፒስተን። ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል። ጋሽ አስፋውን አላሰሯቸውም። እሳቸውን ለመክሰስ ዘመቻውንም መክሰስ ግድ ይሆን ነበርና፣ ነገሩ «የዕቃ እርጅና» ተብሎ ተዘጋ፤ እሳቸው ግን ወደ ጂንካ ተዛወሩ። ጂንካ ያኔ መንገዱ ሲበላሽ ደብዳቤ እንኳ የማይደርስበት ቦታ ነበር። በጭነት መኪና ሲሄዱ ዱላቸውን ለሰናይት ሰጧት። ማርቆስን ግን ሆስፒታል ሄደው አላዩትም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ጥፋቱን ያመነ ሰው ሁለት ጊዜ እጁን አይከፍትም።

ከዚያ በኋላ እኔና ሰናይት ሥራውን እንደገና አበጀነው። የጎማ ቀለበቶች አልቅሰውም ሳያለቅሱም በዕድሜያቸው ይወጣሉ። ለዚህ ደግሞ ሞተሩን ሙሉ መክፈት አያስፈልግም፤ የጎኑን ክዳንና ማግኔቱን ማውለቅ ይበቃል። የሽቦዋ ቀለበት በተከፈተ ቁጥር። የጫኖ ሞተሮች ስፖንጅ በየሳምንቱ በቤንዚን ይታጠባል፤ የጨንቻዎቹ ካቴና ይታያል። ፒስተንና ፋሻ ተለክተው እንጂ ተገምተው አይነኩም። «ቆሞ በራሱ ይጮኻል» የሚል ነጂ ከመጣ ደግሞ ሥራችንን ሁሉ ጥለን እሱን እንሰማለን። ሞተሮቹ ዕድሜ አገኙ። ለዚህም ዋንጫ ተሸለምን፤ ማለቴ ጓድ ጥላሁን ተሸለመ። መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ መከላከያ ጥገና ንግግር አደረገ፤ እኛም አጨበጨብን። እጄ እስካሁን ያሳክከኛል።

ማርቆስ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ቀረ። ሞተር መንዳት ቀርቶ አጠገቡ ሲነሳ ይደነግጥ ነበር። ግምጃ ቤት ውስጥ አስቀመጡት። ጨንቻ ከዚያ ወዲህ አልወጣም፤ እናቱ ናት በገበያ ቀን መኪና ተሳፍራ የምትወርድለት።

በደርግ መጨረሻ አካባቢ ጋሽ አስፋው ጡረታ ወጥተው ወደ ድሬዳዋ ሊሻገሩ አርባ ምንጭ ገቡ። እኔ ቤት አረፉ። ሸምግለዋል፤ ከረሜላው ግን አለ። ማርቆስን እንሂድና እንየው ስላቸው «ነገ» አሉኝ። በማግስቱም «ነገ» አሉኝ። እኔ እየተናደድኩ ሳለሁ ማርቆስ ራሱ በከዘራው እየተደገፈ መጣ። ጋሽ አስፋው ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ ጋሼ» አላቸው ማርቆስ። «ለቁም ነገር ነው የመጣሁት። እናቴ ታሟል… ታማለች። መውረድ አትችልም። የመኪናው ጋቢና ይሄን እግር አያስገባም፣ ላይ ጭነት ላይ ደግሞ መውጣት አልችልም። ሞተር ያዘጋጁልኝ። ዘለቀ ይነዳኛል።»

እኔን ልብ በሉ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሽ አስፋው ኪሳቸው ገብተው ለማርቆስ ከረሜላ ሰጡትና ሳጥን ላይ አስቀመጡት። «እግርህ እስከ የት ይታጠፋል? አጫውተኝ» አሉት።

ሰናይት ከጋራዡ ሞተር አስፈቀደች። ጋሽ አስፋው ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ሞተሩን አልከፈቱም። በዱላው ሰሙት፤ የማግኔቱን በኩል አውልቀው ቀለበቱን ቀየሩ፤ ቀለበቱ ደህና ነበር፣ ቢሆንም ቀየሩት። ብዙውን ጊዜ የፈጁት ግን ብየዳው ላይ ነው። ለማርቆስ ግትር እግር ማሳረፊያ ወደ ፊትና ወደ ጎን የወጣ ብረት በየዱ፤ ጫፉን በጎማ ጠቀለሉት። ማርቆስን ሦስቴ አስቀምጠው፣ ሦስቴ ቆርጠው፣ እንደገና በየዱ።

ወጣን። ማርቆስ ወገቤን ይዞ መተንፈስ ከልክሎኛል። ዳገቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። እናቱ ዘንድ ዋልን፤ እሱ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እጇን ይዞ ዋለ፤ እኔ ከጎረቤቶች ጋር ስለ ሞተር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ስንመለስ ዶርዜን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አቁምልኝ።»

አቆምኩ። በከዘራው እያነከሰ ጠርዙ ድረስ ሄደና ወደ ታች አየ። እንሰት፣ ድንጋይ፣ የታሰረች ጥጃ።

«ዘለቀ፣ ይሄ ነው እንዴ?»

«ይሄ ነው።»

«እኔ እኮ መጨረሻ የሌለው ገደል ነበር የሚመስለኝ» አለና ለረጅም ጊዜ ቆሞ ጥጃዋን አያት። «ይቺ ጥጃ ክትባት ያስፈልጋታል» አለኝ ሲመለስ።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ዘመረብኝ። ድምፁ ዱሮም ጥሩ አልነበረም።

ጋሽ አስፋው ጋራዡ በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ።

«ሞቋል እንዴ?» አሉ።

«እሱ ደህና ነው፣ ጋሼ» አለ ማርቆስ። «እኔን ነው የበረደኝ።»

ጋሽ አስፋው በዚያ የሲቀላ ሙቀት ኮታቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና ይዘውት ወደ ጥላው ገቡ። እኔ ጣቶቼ ከመሪው ላይ አልላቀቅ ብለውኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ኧረ ዘለቀ እንዴት ዋልክ ያለኝ የለም።